ድረ ገጹ ሲቋረጥ ተጠያቂው ማን ነው?

ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ያላችሁ ቡና ላኪዎች፣ ድረ ገጻችሁ አልከፈት ሲል መጀመሪያ በሌላ ስልክ፣ በሌላ መስመር ሞክሩ። በዚያ ከተከፈተ ችግሩ ከስልካችሁ ወይም ከኢንተርኔታችሁ ነው።

በዚያም እምቢ ካለ፦

✅ የሆስቲንግ ድርጅቱ (ድረ ገጹን በሰርቨሩ የሚያኖረው) ድርሻ፦ ሰርቨሩ፣ የሰርቨሩ ኤሌክትሪክና ኔትወርክ።

✅ የእናንተ ድርሻ፦ የይለፍ ቃል፣ የዎርድፕረስና የፕለጊን ማሻሻያ፣ የዶሜይን እድሳት፣ ይዘቱ።

ባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂውስ? እንደ ውሉ ነው። በመጋቢት 2013 ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ የሚገኘው የሆስቲንግ ድርጅቱ ኦቪኤች ዳታ ማዕከል ሲቃጠል፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ያላስቀመጡ በርካታ ደንበኞች መረጃቸውን አጥተዋል።



ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ ባክአፕ የሚወስደው ማን ነው? በየስንት ጊዜው? የትስ ይቀመጣል?