ባልቻ አባ ነፍሶ

ደጃዝማች ባልቻ ሳፎን በስም የማያውቅ የጉራጌ ሰው አይገኝም። አባ ነፍሶ የፈረስ ስማቸው ነው። ታዲያ ከዚሁ አገር የወጣ ልጅ እንዴት የምኒልክ የጦር አለቃ ሆነ?

ነገሩ የጀመረው በክፉ ቀን ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጉራጌንና አካባቢውን በጦር ሲያስገብሩ ባልቻ ገና ልጅ ነበሩ። በዘመቻ ተሰልበው ተማረኩ። ምኒልክም ወስደው በቤተ መንግሥት አሳደጓቸው። ኋላ የግምጃ ቤት ሹም፣ ማለት ባጅሮንድ ሆኑ። በጦር ሜዳ ደግሞ የመድፈኞች አለቃ ነበሩ።

መድፍ በጉልበት ብቻ አይተኮስም። አፈ ሙዙ ከልኩ ከፍ ካለ ጥይቱ ጠላትን አልፎ ይወድቃል፤ ዝቅ ካለ ባዶ መሬት ይቆፍራል። ርቀቱን የሚገምት ዓይን ያስፈልጋል። ጣሊያን በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል ሲሆን ባልቻ ከመድፋቸው ጋር እዚያው ነበሩ።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። አብራም ሃኒባል የሚባል ጥቁር ልጅ ከአፍሪካ ተወስዶ፣ የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ አሳደገው። ስለ መድፍና ስለ ምሽግ ተምሮ ኋላ ጄኔራል ሆነ። ባለቅኔው ፑሽኪን የልጅ ልጁ ልጅ ነው።

ስለ ባልቻ የሚወራው ብዙውን ጊዜ አድዋ ላይ ይቆማል። የቀረውም መነገር አለበት። ደጃዝማች ሆነው ሐረርንና ሲዳሞን ገዙ። በሲዳሞ ገበሬው ለወታደር ገባር ተደርጎ ተሰጥቶ ነበር፤ እህሉንም ማሩንም ያስረክባል፣ ጉልበቱንም ይገብራል። በጦር የተማረከው ልጅ በጦር የተያዘ አገር ገዢ ሆነ ማለት ነው። እኔ ይህን ሳስበው ይከብደኛል።

በ1920 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር ተጣልተው ብዙ ሠራዊት ይዘው አዲስ አበባ መጡ። እሳቸው ግብር ተጠርተው ሲበሉ፣ ሰፈር የቀረው ወታደራቸው በገንዘብ ተባብሎ ተበተነ። ያለ አንድ ጥይት ተሸነፉ፣ ሹመታቸውም ቀረ።

ጣሊያን ዳግመኛ ሲመጣ ግን ሽማግሌው ባልቻ በጉራጌ አገር ጦር አስነሡ። በ1929 ዓ.ም. እጅ አልሰጥም ብለው ሲዋጉ ሞቱ። አዲስ አበባ ውስጥ የሩሲያ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ያገለገሉበት ሆስፒታል በስማቸው ደጃዝማች ባልቻ ይባላል።