ምድርን ጠፍጣፋ ያደረጓት ምስክሮች

በእስራኤል ባለችው በክፋር ብራንዳይስም ሆነ በጎንደር ትምህርት ቤት የገባ ልጅ፥ የቀድሞ ሰዎች ሁሉ ምድር ጠፍጣፋ ናት ብለው ያምኑ እንደ ነበርና ክብነቷን እ.ኤ.አ. በ1492 በመርከብ ተጉዞ ያስረዳው ኮሎምበስ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህ ተረት ነው። አርስጣጣሊስ ከኮሎምበስ 1,800 ዓመት ያህል ቀድሞ፥ በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ የምድር ጥላ ምንጊዜም ክብ ሆኖ መታየቱን ማስረጃ አድርጎ ጽፏል፤ የእስፓንያ ሊቃውንትም ከኮሎምበስ ጋር የተከራከሩት እስከ እስያ ስላለው ርቀት ነበር፤ በዚያም የተሳሳተው ኮሎምበስ ነው። ወሬውን ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1828 ልቦለድን ከታሪክ ቀላቅሎ የኮሎምበስን ሕይወት የጻፈው አሜሪካዊው ዋሽንግተን ኧርቪንግ ነው።

ይሁን እንጂ ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ በእውነት የጻፈ ሰው ነበረ፤ እርሱም ከታሪካችን ጋር የተሳሰረ ነው። የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ ዐፄ ካሌብ አይሁዳዊ ንጉሥ በነገሠባት በየመኗ በሒምያር ላይ ሊዘምት በሚሰናዳበት ወራት፥ ወደብ ከሆነችው ከአዱሊስ ደርሶ በድንጋይ ዙፋንና ሐውልት ላይ የተቀረጸውን የግሪክ ጽሑፍ በንጉሡ ትእዛዝ ገለበጠ። ድንጋዮቹ ጠፍተዋል፤ ጽሑፉ የተረፈልን በኮስማስ እጅ ብቻ ነውና፥ በዓይኑ ስላየው ነገር ምስክርነቱ እጅግ የከበረ ነው። ይኸው ሰው ግን በኋላ በጻፈው መጽሐፍ፥ ዓለም በሙሴ ደብተራ አምሳል የተሠራች፥ ምድርም እንደ ወለል የተዘረጋች ናት ብሎ አስተማረ። አንድሩ ዲክሰን ዋይትን የመሰሉ የ19ኛው መቶ ዓመት ጸሐፊዎችም ትምህርቱን የመላዪቱ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ አስመሰሉት። ነገር ግን ኮስማስ አብዝቶ የሚቈጣው ምድር ክብ ናት በሚሉ ክርስቲያኖች ላይ ነው፤ የሚቃወመው ሰው የሌለው ጸሐፊ ይህን ያህል ብራና በሙግት አይፈጅምና፥ ቍጣው ራሱ ሐሳቡ የሁሉ እንዳልነበረ ይመሰክራል። የዘመኑና የከተማው ሊቅ ዮሐንስ ፊሎፖኖስም የምድርን ክብነት ይቀበል ነበር።

በአይሁድ መጽሐፍ በኢየሩሳሌም ታልሙድም ታላቁ እስክንድር ወደ ላይ በወጣ ጊዜ ዓለምን እንደ ኳስ አያት የሚል ቃል ይገኛል። በግዕዝ ብቻ ምሉዕ ሆኖ የተጠበቀልን መጽሐፈ ሄኖክ ግን ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት ደጆችና የምትገባባቸውን ስድስት ደጆች ሲናገር፥ የ364 ቀን ዓመት አቈጣጠርን ለማስተማር ነው፤ እርሱን ጠቅሶ አባቶቻችን ሁሉ ምድርን ጠፍጣፋ ይሏት ነበር የሚል ሰው መጽሐፉን ያልተጠየቀውን ያስመሰክረዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ስለ አዱሊስ ኮስማስን እመነው፤ ስለ ምድር ቅርጽ አትከተለው፤ ስለ ዘመኑ ሰዎች እምነት ስትመረምር ግን ፊሎፖኖስን ሳትሰማ አትፍረድ።