የተሻረ ሕግ፦ «ትሩዝ ኦር ዴር» የተባለው አስፈሪ ፊልም ተመልካቹን ስለ ምን ቅር አሰኘ?



በዛሬው ገለጻዬ የማነሣው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድ ፊልም ብዙ ገንዘብ አስገብቶ ሳለ፣ ገንዘቡን የከፈለው ተመልካች ቅር ብሎት ከአዳራሹ ቢወጣ፣ ይህ ቅሬታ ምን ያስረዳናል? የሥነ ጽሑፍና የፊልም ጥናት ሰዎች ለሐያሲ ቃል ጆሯችንን እንሰጣለን፤ የወጣት ተመልካችን አስተያየት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጫጫታ እንቆጥረዋለን። የእኔ መከራከሪያ ይህ ንቀት አላዋቂነት ነው የሚል ነው። ተመልካቹ ቃሉ ባይሰካለትም፣ ስለ ትረካ አወቃቀር የሚያውቀው ነገር አለና።

ለማሳያነት የመረጥሁት በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ለእይታ የበቃውን «ትሩዝ ኦር ዴር» የተሰኘ ፊልም ነው። ርእሱ «እውነት ወይስ ድፍረት» እንደ ማለት ሲሆን፣ ወጣቶች ተሰባስበው ከሚጫወቱት የታወቀ ጨዋታ የተወሰደ ነው። ዳይሬክተሩ ጄፍ ዋድሎው፣ አምራቹ ብሉምሀውስ ሲሆኑ፣ ሉሲ ሄልና ታይለር ፖዚ በመሪ ተዋናይነት ተሳትፈውበታል። የታሪኩ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፦ ኦሊቪያ የተባለች የኮሌጅ ተማሪ ከጓደኞቿ ጋር ለዕረፍት ወደ ሜክሲኮ ትሄዳለች፤ በዚያም አንድ እንግዳ ሰው ወደ ፈራረሰ ጥንታዊ ገዳም ወስዶ ጨዋታውን ያጫውታቸዋል። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጨዋታው ተከትሏቸው ይመጣል። ካላክስ የተባለ ጋኔን በተራቸው እየጠየቀ፣ እውነቱን የማይናገረውን ወይም የታዘዘውን የማይፈጽመውን ይገድላል።

ስለ ተመልካች አስተያየት ስንናገር አስቀድመን መለኪያዎቹን መለየት ይገባናል። የመጀመሪያው መለኪያ ገበያው ነው። ፊልሙ 3.5 ሚሊዮን ዶላር በሚሆን ወጪ ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ይሁን እንጂ የመግቢያ ትኬት የሚገዛው ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ነው፤ ስለዚህ ገቢው የሚነግረን የተመልካቹን ተስፋ እንጂ ፍርዱን አይደለም። ሁለተኛው መለኪያ የሐያስያን ድምር ነው። ሮተን ቶማቶስ የተባለው መዝገብ የሚያሳየው መቶኛ አዎንታዊ ግምገማ የሰጡ ሐያስያን ከጠቅላላው ምን ያህል እንደ ሆኑ ነው እንጂ የፊልሙን ነጥብ አይደለም፤ በዚህ መዝገብ ፊልሙ ከ20 በመቶ በታች ሆኗል። ሦስተኛው ሲኒማስኮር የተባለው ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት ፊልሙ በሚከፈትበት ምሽት የታደሙ ተመልካቾችን ጠይቆ ከኤ እስከ ኤፍ የፊደል ውጤት ይሰጣል። «ትሩዝ ኦር ዴር» ያገኘው ቢ ማይነስ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣውና ሐያስያን እጅግ ያወደሱት «ሄሬዲተሪ» ያገኘው ግን ዲ ፕላስ ብቻ ነው። እንግዲህ ይህኛው መለኪያ የሚመዝነው ፊልሙ ከተጠበቀው ጋር መጣጣሙን እንጂ ጥራቱን አይደለም።

በመሆኑም ከአኃዙ ይልቅ ወደ ምክንያቱ መሄድ ይበጃል። ተመልካቾች ስለዚህ ፊልም ደጋግመው ከሰነዘሯቸው ቅሬታዎች ውስጥ ሦስቱን እንመልከት። አንደኛው፣ ጋኔኑ ሲገለጥ በሰዎች ፊት ላይ የሚታየው የተለጠጠ ፈገግታ ከማስፈራት ይልቅ ያስቃል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ወጣቶቹ ጓደኞቻቸው እየሞቱ ሳለ ሐዘናቸው አጭር፣ የፍቅር ጣጣቸው ግን ረጅም ነው የሚል ነው። ሦስተኛው፣ የጨዋታው ሕግ በየጊዜው ይለዋወጣል የሚል ነው። እኔ እንደማምነው ሦስተኛው የሌሎቹ ሁለቱ ሥር ነው።

ስለ ምን ቢሉ፣ እርግማን በባሕርዩ ሕግ ነው። በቋንቋችን እንኳ ብናየው፣ እርግማን ራጋሚና ተረጋሚ አለው፤ የተነሣበት ምክንያት አለው፤ ብዙውን ጊዜም መፍቻ አለው። ግዝትን ያሰበ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል፦ «ይህን ብታደርግ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ይቀመጣል፣ የሚፈታውም ሥልጣን ያለው ነው። የእርግማን ታሪክ የሚያስፈራን ኃይሉ ታላቅ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውን አስቀድመን ስለምናውቅና ማምለጫውም ጠባብ ስለ ሆነ ነው። ሕጉ ሲታወቅ ተመልካቹ ከገጸ ባሕርያቱ ጋር አብሮ ያስባል፣ አብሮ ያሰላል፣ አብሮም ይጨነቃል። ልብ ሰቀላ የምንለው ይህን ነው።

የጎር ቨርቢንስኪን «ዘ ሪንግ» እናስታውስ። በ2002 የወጣው ይህ ፊልም በ1998 ሂዴዮ ናካታ ከሠራው የጃፓን ፊልም የተቀዳ ነው። ሕጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ የቪዲዮ ካሴቱን ያየ ሰው በ7 ቀን ውስጥ ይሞታል። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ቀን ይቆጥራል። በመጨረሻ መፍቻው ሲገለጥ፣ ይኸውም ካሴቱን ቀድቶ ለሌላ ሰው ማሳየት መሆኑ ሲታወቅ፣ የቀደመው ሕግ አልተሻረም፤ ይልቁንም ጥልቀቱ ታየ። እናት ልጇን ለማትረፍ ሌላውን ሰው ለአደጋ ትዳርጋለች። ፍርሃቱ ወደ ሥነ ምግባር ጥያቄ ተለወጠ።

አንዳንድ ተመልካች የ«ትሩዝ ኦር ዴር»ን ድክመት ለታዳጊዎች እንዲፈቀድ ሲባል ደምና ጭካኔው በመቀነሱ ያሳብባል። ይህ ምክንያት አያስኬድም። ሁለቱም ፊልሞች በአሜሪካ የተመደቡት ፒጂ-13 በሚባለው አንድ ዓይነት የዕድሜ ደረጃ ነውና። ልዩነቱ ያለው በደሙ መጠን ሳይሆን በሕጉ ጽናት ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ፊልም እንመለስ። መነሻ ሕጉ ግሩም ነው፦ እውነት ተናገር፣ አለዚያም ድፍረቱን ፈጽም፣ እንቢ ብትል ትሞታለህ። ተጫዋቾቹ ሁልጊዜ እውነትን ቢመርጡ ከአካላዊ አደጋ እንደሚድኑ ሲያስቡ ግን ሁለት ተጫዋቾች በተከታታይ እውነትን ከመረጡ ቀጣዩ ድፍረትን የመምረጥ ግዴታ እንዳለበት ይነገራቸዋል። ተመልካቹ ይህን ደንብ አስቀድሞ አልሰማም፤ ስለዚህ የሚሰማው የወጥመዱን መዘጋት ሳይሆን የጸሐፊውን እጅ ነው። ወደ ፍጻሜው ሲቃረብም ሉካስ የታዘዘውን እንቢ ይላል፤ ጋኔኑም አካሉን ይዞ፣ ራሱን ከማጥፋቱ በፊት፣ እርግማኑን የሚያስረውን ሥርዓት በመፈጸም ላይ የነበረውን ሰው ይገድልበታል። ተመልካቹ ወዲያው የሚጠይቀው ይህ ነው፦ ጋኔኑ ያሻውን እንዲህ መግደል ከቻለ፣ ጨዋታው ስለ ምን አስፈለገው?

በዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ አለ። ጋኔን አታላይ ነው፤ ሕግን ቢያፈርስ ምን ይደንቃል? የልጆች ጨዋታስ ቢሆን በየመሐሉ አዲስ ደንብ ይጨመርበት የለምን? መልሱ ማታለልም ራሱ ሥርዓት አለው የሚል ነው። አርስቶትል ስለ ድርሰት ጥበብ በጻፈው ሥራው የማይቻል ሆኖ የሚታመን ነገር የሚቻል ሆኖ ከማይታመን እንደሚሻል አስተምሯል። ተመልካቹ ጋኔን አለ የሚለውን ያለ ማንገራገር ተቀብሏል። ያልተቀበለው ነገር አስቀድሞ ያልተዘራ ፍሬ ሲታጨድ ማየትን ነው።

ከዚህ ተነሥተን ሁለቱን ቀሪ ቅሬታዎች መረዳት እንችላለን። ፈገግታው ያሳቀው ፊት የማጣመም ዘዴው ደካማ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ከኋላው የሚጠበቅ ቅጣት በግልጽ ሲታወቅ ፈገግታ ያስፈራል፤ ቅጣቱ በዘፈቀደ ሲሆን ግን ፊቱ ጭንብል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለ ሐዘኑ ማጠርም እንዲሁ ነው። ኦሊቪያ የቅርብ ጓደኛዋ የማርኪ አባት ራሱን ከመግደሉ በፊት ሊደፍራት እንደ ሞከረና እርሷም ክፉ ቃል እንደ ተናገረችው ሰውራ ኖራለች። እውነትን መናገር እንደ ድፍረቱ ሁሉ ሊገድል እንደሚችል ያሳየን ዘንድ ከዚህ የበለጠ አጋጣሚ አልነበረም። ነገር ግን ፊልሙ ወደ ሌላ ምስጢርና ወደ ፍቅር ሦስት ማእዘን ፈጥኖ ስለሚያልፍ፣ የእውነት ዋጋ ሳይከፈል ይቀራል።

የሚገርመው፣ መጨረሻው ይህን ሁሉ ያስታወሰ ይመስላል። ኦሊቪያ ተራዋ እንዲዘገይ ጨዋታውን በቪዲዮ ለመላው ዓለም ትለቀዋለች። ይህ ከ«ዘ ሪንግ» መፍቻ ጋር የሚዛመድ ሐሳብ ነው፤ አንዳንድ ተመልካችም ከፊልሙ ሁሉ ይህን ክፍል ለይቶ ወዶታል። የወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ተጫዋቾች በተራ ይጠየቃሉ ከሚለው ከመጀመሪያው ደንብ በቀጥታ የመነጨ ነውና።

ሕግን የመጠበቅ ጥያቄ ለደካማ ፊልሞች ብቻ የሚነሣ አይደለም። በ2014 ዴቪድ ሮበርት ሚቸል የሠራው «ኢት ፎሎውስ» ከሐያስያን ከፍ ያለ ምስጋና አግኝቷል። በዚያ ፊልም እርግማኑ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ አሳዳጁም ሁልጊዜ በእግሩ እየተራመደ ይመጣል። ቢሆንም ብዙ ተራ ተመልካቾች በመዋኛ ገንዳው ትዕይንት ፊልሙ የራሱን ደንብ አልጠበቀም ሲሉ ተችተዋል። ታዋቂው ዳይሬክተር ኩዌንቲን ታራንቲኖም በ2015 ባደረገው ቃለ መጠይቅ የፊልሙን መነሻ ሐሳብ እያደነቀ የዚሁ ዓይነት ነቀፋ ሰንዝሯል። ስሙ የማይታወቀው ተመልካችና የዕድሜ ልክ ባለሙያው በአንድ ነጥብ ተገናኙ።

ለእናንተ ለተማሪዎች የምተወው የሥራ መመሪያ እንግዲህ ይህ ነው። የተመልካችን አስተያየት ስታጠኑ ፍርዱንና ምክንያቱን ለዩ። «አልወደድሁትም» የሚለው ፍርድ ብቻውን ብዙ አያስረዳም፤ አስተያየት የሚሰጡትም ሁሉንም ተመልካች የሚወክሉ አይደሉም፤ በጣም የተደሰተውና በጣም የተቆጣው ከሌላው ይልቅ ይናገራልና። «ስለዚህ አልወደድሁትም» የሚለው ግን የሂስ መጀመሪያ ነው። ምክንያቱን ይዛችሁ ወደ ሥራው ተመለሱ፤ በትዕይንት ፈትኑት፤ ቢጸና ተቀበሉት፤ ባይጸና ጣሉት። ይህን ካላደረግን አምራቾች ገቢውን ብቻ ያዳምጣሉ፤ ገቢው ደግሞ፣ እንዳየነው፣ ተመልካቹ ተስፋ ማድረጉን እንጂ መከዳቱን አይናገርም።