ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

ላዳ ታክሲ ሲያጨስ «ሞተሩ ይውረድ» ማለት ይቀናናል። ለሾፌሩ ግን ሞተር ወረደ ማለት ቤት ውስጥ ገቢ ቆመ ማለት ነው። ኧረ ቆይ፣ መጀመሪያ ጭሱን እይ። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ካርቡራተሩንና የአየር ማጣሪያውን ማየት ነው። ነጭ ሆኖ የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አይቀርም። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው።

ዘይቱ በየት ገባ? ካንዴላዎቹን ፍታና የሲሊንደሮቹን ግፊት በጌጅ አስለካ። ግፊቱ ደህና ከሆነ የባልቦላው ላስቲክ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሞተርም አያስወርድ። ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረህ እንደገና አስለካ። አሁን ከፍ ካለ የተበላው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለደፈነው ነው።

ሲሊንደሩ ተበልቶ አዲስ ፋሻ ብቻ መግዛት፣ እንደ እኔ፣ ገንዘብ መጣል ነው። የላዳ 2101 ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 76 ሚሊሜትር ነው። ተፍቆ 76.4 ከሆነ ፒስተኑም ፋሻውም የ76.4 መሆን አለበት። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ስትገባ ሻጩ «ያው ነው» ቢልህም ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ራስህ አንብብ። ፒስተኑን ሳትገዛ ሲሊንደሩን አታስፍቅ፤ ቶርኖ ቤት የሚለኩት በፒስተኑ ነው።