ከአየር ውሃ የሚቀዳው ሣጥን

ኅዳር ከገባ ወዲህ እንግሊዝ አገር ያለ የመኝታ ቤት መስኮት ጠዋት ጠዋት በውሃ ተሸፍኖ ይገኛል። ውሃው በመስታወቱ ቁልቁል ይወርድና ደፉን ያረጥባል፤ ከሰነበተም እንጨቱን ያበሰብሳል። ጥር ላይ በክፍሉ ማዕዘን፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ አልጋው በተጠጋበት ግድግዳ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ብቅ ይላል። ከአገር ቤት የመጣው ጋቢ ከተቀመጠበት ሲወጣ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። በለንደንም ሆነ በማንቸስተር የሚኖር ሐበሻ ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል። መስኮቱን በፎጣ ይጠርጋል፣ ጥቁሩን በበረኪና ያብሳል፣ ቀለም ይቀባበታል፣ ሽታውን ለማጥፋት ዕጣን ያጨሳል። በቀጣዩ የብርድ ወራት ጥቁሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ከእነዚህ ሁሉ አንዱም ውሃውን ከቤት አላስወጣውምና። ውሃውን ከአየር ላይ ለቅሞ ባልዲ ውስጥ የሚያጠራቅም መሣሪያ ግን አለ። ዲሁሚዲፋየር ይባላል፤ እኛ እዚህ እርጥበት መጣጭ እንለዋለን።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንይ። መስታወቱ ላይ የሚያድረው ውሃ በአብዛኛው ከቤቱ ነዋሪዎች የወጣ ነው። ሁለት ሰዎች በር ዘግተው ሲተኙ እስኪነጋ ድረስ ከትንፋሻቸውና ከላባቸው ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ወደ አየሩ ይገባል። ከማጠቢያ ማሽን የወጣ አንድ ዙር ልብስ ራዲያተር ላይ ሲሰጣ ሁለት ሊትር ያህል ይለቃል። የወጡ መንተክተክና የሻወሩ እንፋሎት በዚያ ላይ ይጨመራል። ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ ደግሞ የባሰ ነው፤ 1 ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል 1.6 ሊትር ያህል ውሃ ስለሚፈጥር ቤቱን እያሞቀ ያረጥበዋል። እኛ ቤት እንጀራም አለ። አክንባሎው በተከፈተ ቁጥር ወደ ጣሪያው የሚወጣውን እንፋሎት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሊጡ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ምጣዱ ላይ የሚተነው በሙሉ ቤቱ ውስጥ ይቀራል።

አየር ይህን ሁሉ መሸከም የሚችለው እንደ ሙቀቱ መጠን ነው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ 1 ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ውሃ በተን መልክ ይይዛል። 10 ዲግሪ ላይ የሚይዘው 9 ግራም ገደማ ነው፤ 0 ዲግሪ ላይ 5 ግራም እንኳ አይሞላም። ርዝመቱ 4፣ ስፋቱ 3፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ መኝታ ቤት ውስጥ ያለው አየር 30 ሜትር ኩብ ነው፤ በ20 ዲግሪ ቢበዛ ግማሽ ሊትር ውሃ ይይዛል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሌሊት የሚያወጡት ይህንኑ ያህል ነው። ሌሊት ማሞቂያው ሲጠፋ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ የአየሩ አቅም ይቀንሳል፣ የተረፈውም ውሃ ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ ያርፋል። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ፣ ቀጥሎ ከውጭ በሚዋሰነው ግድግዳና ማዕዘኑ ላይ ነው የሚያርፈው። ጠዋት ሣር ላይ የምናየው ጤዛ ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። ሙቀቱ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ በሆነ፣ ማለትም አየሩ መያዝ ከሚችለው ውሃ 60 በመቶውን በያዘ ክፍል ውስጥ እስከ 12 ዲግሪ የቀዘቀዘ ማንኛውም ገጽ ማላብ ይጀምራል። ሻጋታ ግን ውሃ እስኪንጠባጠብ ድረስ አይጠብቅም። ግድግዳውን የነካው አየር እርጥበቱ ለቀናት ከ80 በመቶ በላይ ከቆየ ይበቃዋል። ሲነኩት ደረቅ የሚመስል ግድግዳ የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

የእንግሊዝ አሮጌ ቤቶች ችግሩን ያባብሱታል። በ19ኛው መቶ ዘመን የተሠሩት የጡብ ቤቶች ግድግዳቸው አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ጡብ ብቻ ነው፤ በመሐሉ ሙቀት የሚይዝ ክፍተት የለውም። ያኔ በየክፍሉ የከሰል ምድጃ ነበር፤ ጭስ ማውጫው ቀን ከሌት አየር ወደ ላይ ይስባል፣ በመስኮቱ ስንጥቅ ደግሞ አዲስ አየር ይገባል። ዛሬ ጭስ ማውጫው ተደፍኗል፣ መስኮቱም ትንፍሽ በማይል ፕላስቲክ ተተክቷል፤ ግድግዳው ግን ያው ቀዝቃዛ ግድግዳ ነው። ቤቱን ያለ ማናፈሻ አሽገው ለተከራይ የሰጡት ሰዎች ከኃላፊነት ነጻ ናቸው ብዬ አላምንም።

የእርጥበት መጣጩ አባት ዊሊስ ካሪየር ነው ማለት ይቻላል። በ1902 (እ.ኤ.አ.) ብሩክሊን ውስጥ የነበረው የሳኬት ዊልሄልምስ ማተሚያ ቤት በበጋው እርጥበት ተቸግሮ ነበር። ወረቀቱ አንዴ ሲሰፋ አንዴ ሲጠብ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ አልገጥም ይላል። ያኔ የ25 ዓመት ወጣት የነበረው መሐንዲሱ ካሪየር የማተሚያ ቤቱን አየር በቀዘቀዙ ቱቦዎች ላይ አሳልፎ ውሃውን እዚያው እንዲተው የሚያደርግ ንድፍ ሠራ። ዛሬ ሰው ከሙቀት የሚሸሸግበት ኤርኮንዲሽነር የጀመረው እንግዲህ የወረቀት እርጥበት ለመቆጣጠር ነው።

በየቤቱ የሚገባው እርጥበት መጣጭም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ዓይነት ኮምፕረሰር አንዱን ቱቦ ያቀዘቅዛል፣ ሌላውን ያሞቃል። ማራገቢያው የክፍሉን አየር ወደ ቀዝቃዛው ቱቦ ይስባል፤ ተኑ እዚያ ውሃ ሆኖ ከታች ወዳለው ባልዲ ይንጠባጠባል። የደረቀው አየር በሙቁ ቱቦ በኩል አልፎ ትንሽ ሞቅ ብሎ ይወጣል። እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ያለው ነው። ተን ወደ ውሃ ሲለወጥ የያዘውን ሙቀት ይለቃል፤ ለእያንዳንዱ ሊትር 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል። ስለዚህ መሣሪያው ከመስመር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ የበለጠ ሙቀት ለክፍሉ ይመልሳል። የሚወስደውም ብዙ አይደለም። መካከለኛ የሚባለው 200 ዋት አካባቢ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል እንደሚፈልግ እያሰቡ ያነጻጽሩት።

ሲገዙ ካርቶኑ ላይ ባለው ቁጥር አይታለሉ። «በቀን 12 ሊትር» የሚለው ብዙውን ጊዜ የተለካው 30 ዲግሪ በሞቀና 80 በመቶ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ነው። በ17 ዲግሪ መኝታ ቤት ውስጥ የሚሰበስበው ከዚያ በብዙ ያነሰ ይሆናል። ቦታው ይበልጥ ከቀዘቀዘ፣ ለምሳሌ ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ ውስጥ፣ ቱቦው በረዶ እየያዘ ሥራው ይዳከማል። ለእንዲህ ያለው ቦታ ዜኦላይት በተባለ ውሃ መጣጭ ማዕድን የሚሠራው ሌላው ዓይነት ይሻላል፤ ኤሌክትሪክ ግን የበለጠ ይበላል። በየሱቁ የሚሸጡት ነጭ ጨው መሳይ ነገር የያዙ ትንንሽ ዕቃዎች ካልሲየም ክሎራይድ ናቸው። ለቁም ሣጥን ይጠቅማሉ፤ ለክፍል አይበቁም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ፣ ሃይግሮሜትር፣ ገዝተው ቁጥሩን ይከታተሉ፤ ከ50 እስከ 55 በመቶ አካባቢ ከቆየ ለሰውም ለቤቱም ደኅና ነው። ልብስ በየክፍሉ ከመስቀል ይልቅ በአንድ ትንሽ ክፍል ሰጥተው፣ በሩን ዘግተው መሣሪያውን እዚያ ያሠሩት። ሲሠራ መስኮት ይዘጋ፤ አለበለዚያ የውጭውን አየር ሲያደርቅ ይውላል። ማጣሪያው አቧራ ሲይዝ ይጽዳ። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ለመጠጥ አይሆንም።

መስኮት መክፈት እንዲያውም ከመሣሪያው የረከሰ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ውጭ ሲዘንብ መክፈት ቤቱን የሚያረጥብ ይመስለዋል። 5 ዲግሪ የሆነ፣ 90 በመቶ እርጥበት ያለው የለንደን አየር በሜትር ኩብ የያዘው ውሃ 6 ግራም ያህል ነው። ያ አየር ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 35 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት ተነሥቶ መስኮቶቹን ለአሥር ደቂቃ በሰፊው መክፈት፣ እንጀራ ሲጋገርም የኩሽናውን በር ዘግቶ መስኮቱን መክፈት ብዙ ውሃ በነጻ ያስወጣል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ስሌት አይሠራም። በሐምሌና በነሐሴ የውጭውና የቤቱ ሙቀት ስለሚቀራረብ የውጭው አየር አያደርቅም፤ ደግሞም ያን ጊዜ ግድግዳውን የሚያበሰብሰው በአብዛኛው የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ የተደፈነ አሸንዳና ከመሠረቱ የሚወጣ ውሃ ነው። እዚያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጣሪያ የሚጠግን ሰው ነው።

እንግሊዝም ቢሆን መሣሪያው አቅመ ቢስ የሚሆንበት እርጥበት አለ። ቱቦ ፈንድቶ ከሆነ፣ ከጣሪያ የሚገባ ዝናብ ከሆነ፣ ወይም ከመሬት ወደ ግድግዳው የሚወጣ ውሃ ከሆነ ሣጥኑ ዓመት ሙሉ ቢሠራ አይጨርሰውም። ከመሬት የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከወለሉ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ጫፉ ላይም ነጭ የጨው መስመር ይተዋል። ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። የአልሙኒየም ፎይል ቁራጭ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉት፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይዩት። ወደ ክፍሉ ያለው ፊቱ ከረጠበ ውሃው ከቤቱ አየር ነው፤ ጀርባው ከረጠበ ከግድግዳው ውስጥ ነው፤ እሱን ማስጠገን የባለቤቱ ሥራ ነው።

ያለውን ሻጋታ ሲያጸዱ በደረቁ አይፈግፍጉት፤ ዘሩ በአየር ይበተናል። ጓንትና ማስክ አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። አስም ያለበት ሰው፣ ሕፃንና አዛውንት በሥራው ሰዓት ከክፍሉ ይውጡ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ነገሩ የግድግዳ ውበት ጉዳይ ስላልሆነ ነው። በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) በሮችዴል ከተማ ከሱዳን የመጡ ወላጆች ልጅ የሆነው የሁለት ዓመቱ አዋብ ኢስሐቅ ሞተ። በኅዳር 2022 የሞቱን ምክንያት የመረመሩት የፍርድ ባለሥልጣን ልጁ በቤቱ ሻጋታ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በመኖሩ በመተንፈሻ አካሉ ላይ በደረሰ ሕመም መሞቱን ወሰኑ። አባትየው ደጋግሞ አቤት ብሎ ነበር፤ ጥፋቱ ግን ወደ ቤተሰቡ አኗኗር ተገፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በልጁ ስም የሚጠራው የአዋብ ሕግ ወጣ፤ ከጥቅምት 27 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም በእንግሊዝ የማኅበራዊ ቤት አከራዮች ላይ ይሠራል። ለጤና ወይም ለደኅንነት የሚያሰጋ አስቸኳይ አደጋ በ24 ሰዓት ውስጥ መፍትሔ ማግኘት አለበት። ከባድ እርጥበትና ሻጋታ ደግሞ አቤቱታው ከደረሰ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ተመርምሮ፣ አደጋ መኖሩ ከተረጋገጠ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ሥራ ተሠርቶ ቤቱ ከስጋት ነጻ መደረግ ይኖርበታል።

እርጥበት መጣጩን መግዛት የሚችል ይግዛ፤ ይጠቅማል። ግን ከመግዛቱ በፊት ግድግዳውን ፎቶ ያንሣ፣ ቀኑን ይመዝግብ፣ ለአከራዩም በጽሑፍ ያመልክት፤ የላከውን ቅጂም ያስቀምጥ። እንግሊዝኛ የማያቀናቸው እናቶችና አባቶች በአካባቢያችሁ ካሉ ደብዳቤውን እናንተ ጻፉላቸው።