«ተሳክቷል» ከመባሉ በፊት

ጠጋ በሉኝማ፤ ይህ ጮክ ተብሎ የሚወራ ነገር አይደለም።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። የማሕፀን መውጣትን በሚመለከቱ ጥናቶች ላይ መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ፤ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ሐኪሙ የሚጠራውን ልኬት በቅጽ ላይ ሞልቻለሁ። የታተመው ቁጥር ከመታተሙ በፊት ምን እንደሚመስል የማየት ዕድል ነበረኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቃል ነው፤ በየጥናቱ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጠው «ተሳክቷል» ስለሚለው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማሕፀንን፣ የሽንት ፊኛንና የሰገራ መውጫ አንጀትን ከሥር ደግፎ የሚይዝ ጡንቻና ጅማት አለ። ይህ ድጋፍ በወሊድ ይለጠጣል፣ አንዳንዴም ከተያያዘበት አጥንት ይላቀቃል። መውለዱ ሲደጋገም፣ ዕድሜና ከባድ ሸክም ሲጨመርበት፣ የተሸከመውን መያዝ ያቅተዋል። ያን ጊዜ ከውስጥ ያለው ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲብስም ወደ ውጭ ይወጣል። ሴቶቻችን «ማሕፀኔ ወጣ» ይላሉ። ብዙዎቹ ግን ለማንም ምንም አይሉም።

አለመናገራቸው ቁጥሩን ምን እንደሚያደርገው ዳባት ላይ ታይቷል። በሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ በ395 ሴቶች ላይ ተካሂዶ በ2013 የታተመ ጥናት አለ። ሲጠየቁ የማሕፀን መውጣት ምልክት አለብን ያሉት ከመቶ 6 ገደማ ነበሩ። ምርመራውን ከፈቀዱት መካከል ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመለኪያው ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ሆነው ተገኙ። ከውጭ ለሚያነብ ሰው ከሁለቱ አንዱ ስሕተት ይመስለዋል። ከውስጥ ለምናውቀው ግን ሁለቱም እውነት ናቸው።

እንዴት ብትሉኝ፣ መለኪያውን ላሳያችሁ። ከ1996 ወዲህ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ፖፕ-ኪው የሚባል ዘዴ ነው። ሴትየዋ በጀርባዋ ተኝታ እንደ ምጥ ትገፋለች፤ ሐኪሙ ዘጠኝ ልኬቶችን በሳንቲ ሜትር ይወስዳል። የወረደው ክፍል ከብልት መግቢያው ጠርዝ በላይም ሆነ በታች በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከደረሰ ሁለተኛ ደረጃ ይባላል። ስለዚህ ምንም ነገር ወደ ውጭ ያልወጣባት፣ ምንም የማይሰማት እናትም ሁለተኛ ደረጃ ልትሆን ትችላለች። ከግማሽ በላይ የሚለው ቁጥር ሁሉም ታመዋል ማለት አይደለም።

ስድስት ከመቶ የሚለውም ቢሆን ታማሚው ይኸው ብቻ ነው አያሰኝም። እኔ ጥያቄው እንዴት እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። ባል ደጅ ቆሞ፣ አማት ጓዳ ሆና የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። አንዲት እናት «የለም ልጄ፣ ደኅና ነኝ» ብለውኝ ቅጹን ሞልቼ ጨረስኩ። ሊሸኙኝ እስከ አጥሩ ወጡና ክንዴን ይዘው «ቅድም የጠየቅሽኝ ነገር አለብኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ» አሉኝ። እንደገና ቁጭ ብለን ቅጹን አስተካከልን። እስከ አጥሩ ያልሸኙኝ ስንት እንደሆኑ ግን አላውቅም። የምርመራው ሰዓትም ሌላ ነገር አለው። ይህ ሕመም ሲቆሙና ሲሸከሙ ውለው ማታ ላይ ይብሳል፤ እኛ ደግሞ የምንለካው አርፋ የተነሣችውን ሴት ጠዋት ነው። «ማታ ብታዪኝ» ያሉኝ ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ «ተሳክቷል» የሚባለው ምን ሲሆን ነው? በ2009 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቀድሞ በተደረገ ትልቅ የቀዶ ሕክምና ጥናት ውስጥ የነበሩ 322 ሴቶችን መረጃ ወስደው፣ ያንኑ ውጤት በ18 የተለያዩ የስኬት ትርጉሞች መዘኑት። ሴቶቹ እነዚያው ናቸው፤ ቀዶ ሕክምናውም ያው ነው። የስኬቱ መጠን ግን እንደ ትርጉሙ ከ19.2 እስከ 97.2 በመቶ ተለዋወጠ። ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ እዩልኝ። ያንኑ ሥራ አንዱ ውድቀት ብሎ ሊጽፈው፣ ሌላው ድንቅ ውጤት ብሎ ሊያሳትመው ይችላል፤ ሁለቱም ሳይዋሹ። ከዚያው ጥናት የምወደው ደግሞ ሌላው ግኝት ነው። ሴቶቹ «ተሽሎኛል» ከማለታቸው ጋር የተያያዘው ወደ ታች የሚገፋው እብጠት ስሜት መጥፋቱ ነበር። የሳንቲ ሜትሩ ልኬት መስተካከሉ ብቻውን ከሴቶቹ ፍርድ ጋር አልተያያዘም።

ይህ የባለሙያዎች ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዋጋ ያስከፈለ ነገር ነው። በብልት በኩል የሚገባ ሜሽ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ መረብ፣ ለዚህ ሕመም አሜሪካ ውስጥ በ2002 ለገበያ ተፈቀደ። የተፈቀደውም ቀድሞ ከነበረ ምርት ጋር ይመሳሰላል በሚል መንገድ ሲሆን፣ ያ መንገድ በሴቶች ላይ አዲስ ሙከራ አያስገድድም። መረቡ የወረደውን ደግፎ ሲይዝ ልኬቱ ያምራል። ሕመሙ፣ መረቡ ሥጋን በልቶ ብቅ ማለቱ፣ ድጋሚ ቀዶ ሕክምናው ግን በልኬቱ ውስጥ አይታይም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2011 ከባድ ጉዳቶቹ ጥቂት እንዳልሆኑ አስጠነቀቀ። በ2017 የታተመውና በብሪታንያ 35 ማዕከላት 1,352 ሴቶች የተሳተፉበት ፕሮስፔክት የተሰኘ ጥናት፣ መረቡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከተለመደው ጥገና የተሻለ እንዳላደረጋቸው አሳየ። መረብ ከገባላቸው ከአሥር ሴቶች ከአንድ በላይ የሚሆኑት በመረቡ የተነሣ ጉዳት ደረሰባቸው። በሚያዝያ 2019 አሜሪካ ምርቱ ከገበያ እንዲወጣ አዘዘች። ከፈቃዱ እስከ እገዳው 17 ዓመት ነው።

ቁጥርን እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብም ያስፈልጋል። በ2022 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት 440 ሴቶችን በዕጣ ከፍሎ፣ ግማሾቹን ፔሳሪ የተባለውን የጎማ ደጋፊ እንዲያደርጉ፣ ግማሾቹን ቀዶ ሕክምና እንዲያገኙ መደበ። ከሁለት ዓመት በኋላ «ተሽሎኛል» ያሉት በፔሳሪው ወገን 76.3፣ በቀዶ ሕክምናው ወገን 81.5 በመቶ ነበሩ። ተቀራራቢ ይመስላል። ሁለተኛውን መስመር ስታነቡ ግን ፔሳሪ ከደረሳቸው ሴቶች ከግማሽ በላይ በመካከሉ ወደ ቀዶ ሕክምና ተሻግረዋል። ፔሳሪ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ለብዙዎች ያለ ቢላዋ መፍትሔ ነው። የዳሌ ወለል ጡንቻ ልምምድም ምልክቱን እንደሚያቀል በ2014 በታተመ የ447 ሴቶች ጥናት ታይቷል። ምርጫዋን ማድረግ ያለባት ግን ሙሉውን ሰምታ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ቤት። የሕይወት ጥራትን የሚለካው ፒ-ኮል የተባለ መጠይቅ ለንደን ውስጥ ተዘጋጅቶ፣ በ2019 በአማርኛ ተፈትሾ ሥራ ላይ እንዲውል ታትሟል። ትልቅ ሥራ ነው፤ በቋንቋዋ የተጠየቀች ሴት በቋንቋዋ ትመልሳለችና። ቃሉን መተርጎም ግን የሥራው ግማሽ ነው። በእንግሊዝኛው «የቤት ውስጥ ሥራ» ሲባል ምሳሌው ጽዳትና ገበያ ነው። የእኛ ሴት የቤት ሥራ ውኃ በጀርባ፣ እንጨት በጫንቃ፣ ሊጥና ምጣድ፣ አጨዳና አረም ነው። ምሳሌው ካልተለወጠ «ችግር የለም» የሚለው መልስ የሚነግረን ስለ ሌላ ሴት ሕይወት ነው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ «ከባድ ነገር እንዳያነሡ» ብለን እንሸኛለን። አንዲት እናት ወረቀቱን አጥፈው በመቀነታቸው ቋጥረው «ውኃውን ማን ይቅዳልኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ለክትትል ሲፈለጉ ቅጹ ላይ ያለው ስልክ የጎረቤት ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ስማቸው «ያልተገኙ» ከሚለው ዝርዝር ይገባል። በሠራሁበት አንድ ጥናት ያልተገኙት ከሒሳቡ ወጥተው ስኬቱ በተገኙት ብቻ ተሰላ። ያን ቀን ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዳግም ወጥቶባት አፍራ የቀረችው የምትገኘው በዚያ ዝርዝር ውስጥ ነውና።

ተመራማሪ ወገኖቼ፣ ያልተገኙትን ፈልጓቸው፤ ካጣችኋቸውም ስንት እንደሆኑ በመጀመሪያው ገጽ ጻፉ። ከሳንቲ ሜትሩ ጎን «ሥራዎን ወደ መሥራት ተመልሰዋል?» የሚል ጥያቄ አኑሩ።

እናንተ እናቶቼ፣ እህቶቼ፤ ይህ እርግማን አይደለም፣ የዕድሜ ዕጣም አይደለም፤ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። በጥናት እንድትሳተፉ ስትጠየቁ ጣታችሁን ቀለም ውስጥ ከመንከራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ተሳክቷል የምትሉት ምን ሲሆን ነው? እስከ መቼ ትከታተሉኛላችሁ? ተመልሶ ቢወጣብኝ ወዴት ልምጣ? ይህን ለመመለስ የሚቸገር ካለ፣ ፊርማችሁን ያዙት።