የመኪና የውስጥ መብራትና የብልሽቱ ምርመራ

የመኪናው የውስጥ መብራት እንቢ ያለው ሰው አስቀድሞ የሚሮጠው አምፑል ወደሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ ይህ ጥድፊያ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከጣራው ሥር ሳይሆን ከበሩ ምሰሶ ላይ ተሸሽጎ ስለሚገኝ፣ ገንዘብ ከማባከን በቀር ብዙ ረብ የለውም።

የነገሩን ሥርዓት ለማወቅ የኤሌክትሪኩን ጎዳና ከመነሻው እስከ ፍጻሜው መከተል ያሻል። በብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ዘንድ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ የተነሣው ኃይል በፊውዝ አልፎ፣ ቁልፉ ቢነቀልም እንኳ ሳይቋረጥ፣ እስከ አምፑሉ ይደርሳል፤ መመለሻው የመኪናው የብረት አካል ራሱ ሲሆን፣ ለዚህ መመለሻ በረኛ ሆና የተሾመችው በአንዲት ብሎን የታሰረችው የበር ስዊች ናት፤ በሩ ሲዘጋ ጫፏ ተጭኖ መንገዱን ትቆርጣለች፣ ሲከፈት ግን ስፕሪንጓ ጫፏን ገፍቶ ሽቦውን ከብረቱ ጋር ያገናኘዋል።

እንግዲህ መርማሪው በመጀመሪያ በመብራቷ ላይ ያለውን ማብሪያ ይሞክር፤ በዚያ ከበራች ባትሪው፣ ፊውዙና አምፑሉ ከነቀፋ ነጻ ናቸው። ቀጥሎ ስዊቿን ፈትቶ የሽቦዋን ጫፍ ቀለም ከሌለበት ብረት ጋር ሲያስነካ መብራቷ ቦግ ካለች፣ ወይ ስዊቿ ዝጋለች ወይም መቀመጫዋ ኃይል አያሳልፍም፤ ካልበራች ግን ሽቦው በመንገድ ላይ ተቆርጧል። በተለይ መቀመጫዋን ማስተዋል ይገባል፤ አሮጌ መኪና እንደገና ሲቀባ ቀለሙ የብሎኗን ማረፊያ ጭምር ስለሚሸፍነውና ቀለም ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ፣ ከጋራዥ እያንጸባረቀ የወጣው መኪና ውስጡ ጽልመት ሆኖ ይቀራልና፤ መድኃኒቱም ጥቂት ብርጭቆ ወረቀት እንጂ አዲስ ዕቃ አይደለም።

በማብሪያዋም ካልበራች ፊውዙን፣ ከዚያም አምፑሏን ማየት ነው። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልለው የሚመልሱ አሉ፤ ይህን ብልሃት የሚሉት ቢኖሩም እኔ ድፍረት እለዋለሁ፤ የፊውዝ ተግባሩ ሽቦው ሳይጋይ አስቀድሞ መቃጠል ነውና።

ከሁሉ የሚከፋው ግን አልጠፋም የምትለው መብራት ናት። 10 ዋት የሆነች አምፑል በ12 ቮልት 0.8 አምፔር ያህል ስለምትስብ፣ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ሙሉ ባትሪ በሁለት ቀን ገደማ ይሟጠጣል፤ ሞተር ማስነሣት የሚሳነውም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ይህ የደረሰበት ሰው የየበሩን ስዊች በጣቱ ይጫን፤ ባትጠፋ ሽቦዎቹን በየተራ እየነቀለ ጫፋቸውን ከብረት ያርቅ፤ ስትነቀል መብራቷን ያጠፋችው እርሷ ጥፋተኛዋ ስዊች ናት። ሁሉም ተነቅለው መብራቷ አሁንም ከበራች፣ ሽቦው አንድ ስፍራ ተልጦ ብረት ነክቷል፤ ያ ስፍራ እስኪገኝ ድረስም በየሌሊቱ አምፑሏን ነቅሎ ማደር ይበጃል።